የጋሪ ፈረስና የቤት ውሻ ጥርስ በሐዋሳ

ሐዋሳ እንደ አክሱም ወይም እንደ ጎንደር ዕድሜዋ በመቶና በሺሕ የሚቆጠር ከተማ አይደለችም። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ ይርጋለም በነበረበት ጊዜ፣ ባላገሩ አዳሬ እያለ ይጠራው በነበረው የሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ፣ በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድና በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ትጋት በ1950ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ አካባቢ ተቆርቁራ፣ ጡረታ የወጡ ወታደሮች የእርሻ መሬት እየተቀበሉ ሰፈሩባት፤ መንገዶቿም ቀጥ ብለው ተዘረጉ፤ ምድሯ ደልዳላ ስለሆነ ዳገት የማይደፍር ጋሪ ሁሉ እንደ ልቡ የሚሮጥባት ከተማ ሆነች። ባጃጅ የሚባለው ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ መጥቶ ጎዳናውን እስኪወርስ ድረስ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ወደ ሐይቅ ዳር ሰውና ዕቃ ያመላለሰው የጋሪ ፈረስ ነበር። ስለ ሐይቋ ውበት፣ ስለ ዓሣዋና አባ ኮዳ ስለሚባለው ወፏ ብዙ ተብሏል፤ ስለዚያ ፈረስ ግን የተባለው ጥቂት ነው፤ ስለ አፉማ ከነጭራሹ ሲነሣ አልሰማሁም። እኔ ግን ያንን አፍ፣ ከእርሱም ጋር በየግቢው በር ላይ ተኝቶ የሚያድረውን የውሻውን አፍ፣ ታሪክ ያለው ነገር ነው ብዬ ስለማምን ጥቂት ልጽፍበት ተነሣሁ።

በአገራችን የእንስሳ አፍ ከጥንት ጀምሮ ይከፈታል፤ የሚከፈተው ግን ለዋጋ ነው። ከገበያ ቆሞ በሬ ወይም ፈረስ የሚገዛ ሰው፣ ደላላው ስለ እንስሳው ጉልበትና ጠባይ የሚደረድረውን ምስጋና በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ካፈሰሰ በኋላ፣ የታችኛውን ከንፈር በአውራ ጣቱ ሳብ አድርጎ ፊት ጥርሱን ይቆጥራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ክርክር የገንዘብ ብቻ ነው። ከብት በላይኛው መንጋጋው ፊት በኩል ጥርስ የለውም፤ በታችኛው ያሉት ስምንቱ የወተት ጥርሶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይለወጣሉ፤ መካከለኞቹ ሁለቱ በሁለት ዓመት ገደማ ይወልቃሉ፤ ስምንቱም ተለውጠው ያበቁለት እንደሆነ ወይፈኑ አራት ዓመት ሞልቶት በሬ ሆኗል ማለት ነው። ፈረስ ደግሞ ላይና ታች ስድስት ስድስት ፊት ጥርስ ስላለው፣ መካከለኞቹን በሁለት ዓመት ተኩል፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ያሉትን በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹን በአራት ዓመት ተኩል ይለውጥና በአምስት ዓመቱ አፉ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜው የሚታወቀው በጥርሱ አናት ላይ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ከዓመት ወደ ዓመት እየተፋቀ በመጥፋቱ ነው። ይህ ትምህርት የእኛ ብቻ ሀብት አይደለም፤ የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት፣ ፈረስ የመጀመሪያ ጥርሶቹን በሠላሳኛው ወር ይጥላል ብሎ የቆጠረው ቁጥር ዛሬ የእንስሳት ሐኪሞች ከሚያስተምሩት ጋር አንድ ነው፤ በዚያው ዘመን የነበረው የጦር አለቃ ክሴኖፎንም ስለ ፈረሰኝነት በጻፈው መጽሐፍ፣ የተገራ ፈረስ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዕድሜውን በጥርሱ እንዲያውቅ ይመክራል። በኋለኛው ዘመን በአውሮፓ ገበያ አንዳንድ አጭበርባሪ ነጋዴዎች የሸመገለውን ፈረስ ጥርስ በብረት ቆፍረውና በእሳት አጥቁረው ጉድጓዱን ዳግመኛ እስከ መሥራት ደርሰዋል፤ ጥርስ ያን ያህል ገንዘብ ነበረና።

ይሁን እንጂ የስምጥ ሸለቆ ምድር ለዚህ ንባብ አስቸጋሪ ነው። ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ የሚወጣው ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ የሐዋሳ ሐይቅም ከጥቁር ውሃ ወንዝ ይቀበላል እንጂ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውምና የተቀበለውን ያከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው መጠጥ የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ውስጥ ይህን ልክ በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ጥርሱ ገና በድዱ ውስጥ ሲሠራ ይህን ውሃ የጠጣ ልጅ፣ ጥርሱ ቡናማ ቀለም ተለውሶ ይወጣል፤ በወንጂ ስኳር እርሻ የኖሩ የቀድሞ ሠራተኞች ደግሞ ከጥርስ አልፎ አጥንታቸው እስኪደርቅና ወገባቸው አልታጠፍ እስኪል ድረስ ተጎድተዋል። እንስሳም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም፤ ፍሎራይድ በበዛበት ውሃ ያደገ ከብት ጥርሱ ይዥጎረጎራል፣ ይሸራረፋል፣ ከዕድሜውም በፊት ያልቃል። ስለዚህ በደጋ ገበያ ዓይኑን ያሠለጠነ ገዢ ወደ ሸለቆው ወርዶ አንድ ወይፈን ሲያይ፣ ገና በጉልበቱ ያለውን እንስሳ ያረጀ መስሎት ሊተወው ይችላል። የአፍ ንባብ እንኳ እንደ ሀገሩ ነው ማለት ነው። ይህን ነገር ያነሣሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ በዚህ ምድር ያደገ ውሻ ያለው ሰው የውሻውን ቡናማ ጥርስ ቆሻሻ መስሎት ቢፈትገው፣ ቀለሙ ከጥርሱ አካል ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ አይለቅለትም።

ከጋሪው ፈረስ በፊት በሲዳማ ምድር ስሙ የሚጠራው የመኳንንቱ ፈረስ ነበር። እስከ 1920 ዓ.ም. ድረስ ሲዳሞን ከሀገረ ሰላም ሆነው የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ እንደ ተባሉ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አጼ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጠቅል እንደ ተባሉ፣ የኢትዮጵያ ታላላቅ ሰዎች ከጥምቀት ስማቸውና ከማዕርጋቸው ሌላ ከፈረሳቸው የተቀበሉት ስም ነበራቸው። ለፈረስ የተሰጠው ክብር እስከዚህ ድረስ ከፍ ያለ ነበር፤ ፈረሱ በብርና በወርቅ ያሸበረቀ ዕቃ ይለብሳል፣ አንገቱ ይሸለማል፣ ገድሉ በፉከራ ይነሣል። በአፉ ውስጥ የነበረው ግን ያው የጥንቱ የሐበሻ ልጓም ነው፤ ይኸውም የታችኛውን መንጋጋ ከበብ አድርጎ የሚይዝ የብረት ቀለበት ያለው፣ ፈረሰኛው ዛቡን ጠበቅ ባደረገ ቁጥር ምላሱንና ላንቃውን የሚጫን፣ በጦር ሜዳ በአንድ እጅ ጋሻ በሌላው ጦር ለያዘ ሰው ፈረሱን በአንዳፍታ ለማቆም የተሠራ ብርቱ መሣሪያ ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለው አባባል የጌታውን ልብ ይመረምራል፤ ስለ ፈረሱ ምላስ ግን ዝም ይላል። እኔ የድሮውን ሰው በዚህ አልከሰውም፤ ሕይወቱ በዚያ ብረት ላይ ተንጠልጥላ ነበርና። ልጓሙ ከጦር ሜዳ ወደ ጋሪ በተሻገረ ጊዜ ግን ያ ምክንያት ቀርቶ ብረቱ ብቻ ተሻገረ፤ ቀጥቃጩ ካገኘው ቁራጭ ብረት የሠራው፣ ጫፉ በሞረድ ያልለሰለሰ፣ ለአንዱ ፈረስ የጠበበ ለሌላው የሰፋ ልጓም፣ ቀኑን ሙሉ መንገደኛ ሲያወጣና ሲያወርድ በሚውል እንስሳ አፍ ውስጥ ከንፈሩን ከሁለቱ ጎን ሲቆርጠው ይኖራል።

የጋሪውን ፈረስ ጥርስ ያበላሸው ልጓሙ ብቻ አልነበረም። የፈረስ ጥርስ እንደ ሰው ጥርስ አንዴ ወጥቶ የሚቆም ሳይሆን፣ ረጅሙ አካሉ ለብዙ ዓመታት ከመንጋጋው ውስጥ ቀስ በቀስ እየወጣ፣ ሻካራ ሣር በማኘክ ከላይ የሚያልቀውን ከታች የሚተካ ነው፤ ፈጣሪም ይህን ያደረገለት ቀኑን አብዛኛውን በግጦሽ እንዲያሳልፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጋልብ ውሎ ማታ በአንድ ጊዜ ፍሩሽካና ጭድ የሚሰጠው ፈረስ ግን አስተኛኘኩ ይለወጣል፤ የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፋ ያለ ስለሆነም፣ ያልተፋተገው ጠርዝ በላይኛው ጥርስ በውጭ በኩል፣ በታችኛው ደግሞ በውስጥ በኩል እንደ ቢላ እየሰላ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ላይኛው ጉንጩን፣ ታችኛው ምላሱን ይቆርጠዋል። በሐይቁ ዳር ፈረሱን ሲያጥብ ያገኘሁት አንድ ወጣት ባለጋሪ ይህን በዓይኔ አሳይቶኛል። ዳማው ፈረስ ከፊቱ የተጣለለትን እርጥብ ሣር አንሥቶ በአንድ ጎኑ ጥቂት ያላምጥና፣ በለሀጭ የራሰውን ሣር መልሶ መሬት ላይ ይጥለዋል፤ የተጣለውም እንደ ጥጥ ልቃቂት ድብልብል ብሎ በጭቃው ላይ ተደርድሯል። «ጋሼ፣ ጠግቦ ነው፤ ሣር መርጦ ነው የሚበላው» አለኝ ልጁ። አብሮኝ የነበረው የእንስሳት ሐኪም መልስ ሳይሰጠው ወደ ፈረሱ ቀረበና፣ እጁን አፉ ውስጥ ሳያስገባ፣ ከውጭ በኩል ጉንጩን ከዓይኑ በታች ባለው ቦታ ላይ በጣቶቹ ጫን ጫን አደረገው፤ ፈረሱም ራሱን ወደ ኋላ መንጭቆ ሸሸ። ሁለተኛ ሲሞክር እንዲሁ ሆነ። ቀጥሎም ምላሱን በጎን ሳብ አድርጎ በባትሪ ብርሃን ሲያሳየን፣ በጉንጩ ውስጥ ዳሩ የነጣ፣ መካከሉ የቀላ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቁስል አየን። የተራበው ፈረስ ጠግቧል ተብሎ ስንት ቀን እንደ ዋለ እንጃ። የዚህ ፈውሱ የሰላውን ጠርዝ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ እጀታው ረጅም በሆነ ሞረድ ማለስለስ ሲሆን፣ ይህም የሐኪም ሥራ ነው፤ ጉንጩን ከውጭ ጫን ብሎ መፈተኑን ግን ማንም ባለጋሪ ደጁ ላይ ሊያደርገው ይችላል።

የድሮ ሰው ለእንስሳው አፍ ምንም አያደርግም ነበር ማለቴ አይደለም። አፍተግር የሚባለው በሽታ ከብቱን ይዞ ምላሱ ሲላጥና ለሀጩ ሲዝረበረብ፣ ባላገሩ በጨውና በሎሚ ያሸዋል፤ ከሸለቆው ሐይቆች ዳር የሚገኘውን ቦሌ የተባለ ጨዋማ አፈርም ያስልሰዋል። ነገር ግን ከሚያደርገው ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነኝ በውርንጭላ ላንቃ ላይ የሚያደርገው ነው። ፈረስ ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ተኩል የወተት ጥርሱን በሚለውጥበት ጊዜ፣ ከላይኛው ፊት ጥርሱ በስተኋላ ያለው ላንቃ ማበጡ የተፈጥሮ ጠባይ ነው፤ ምግብ ቢቀንስም በሚወጣው ጥርስ ሕመም ነው። ባለቤቱ ግን እብጠቱን አይቶ በሽታው ይህ ነው ይልና በምላጭ ይበጣዋል፣ ወይም በጋለ ብረት ይተኩሰዋል። በእንግሊዝ አገር እንኳ አንጥረኞች ይህን ተግባር እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ድረስ ሲሠሩት ኖረዋል። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ የሚታሰበኝ የሕፃናቱ ነገር ነው፤ በብዙ የአገራችን ክፍል ጨቅላው ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው፣ ገና ያልበቀለውን የወተት ጥርስ ከድዱ ውስጥ ፈልፍሎ ማውጣት፣ እንጥሉንም መቁረጥ የኖረ ልማድ ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። በሕፃኑና በውርንጭላው ላይ የሚሠራው ምላጭ አንድ ነው፤ ሐሳቡም አንድ ነው፤ ከጥርስ መብቀል ጋር የሚመጣውን እብጠት የበሽታው ሥር አድርጎ ማየት። ለእናትና ለባለጋሪ የሚነገረውም ምክር ስለዚህ አንድ ዐይነት ነው፤ ጥርሱ ወጥቶ እስኪያበቃ ልል ምግብ እየሰጡ መታገሥ።

የዘመናዊው የእንስሳት ሕክምና በአገራችን የተነሣው በጥርስ ምክንያት አይደለም፤ ደስታ በሚባለው የከብት በሽታ ምክንያት ነው። በ1880 ዓ.ም. ግድም በጣሊያኖች ከብት አማካይነት በምጽዋ በኩል የገባው ያ መቅሠፍት የአገሩን ከብት ጠራርጎ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ ካመጣ ወዲህ፣ የመንግሥት ዓይን ሁሉ በክትባት ላይ ነበር፤ ይህም ትክክል ነበር፤ በሽታውም እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ላይ ጠፍቷል ተብሎ ታውጇል። ጥርስን የሚያይ ሐኪም ግን ብዙ ዘግይቶ መጣ። በደብረ ዘይት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ተከፈተ፤ በሐዋሳም በ1968 ዓ.ም. የተጀመረው የእርሻ ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ፣ በኋላም የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ፣ የእንስሳት ሐኪሞችን የሚያስተምር ፋኩልቲ አቆመ። ለጋማ ከብት አፍ የተለየ ትኩረት የሰጡት ግን በጎ አድራጊዎች ናቸው። ዶሮቲ ብሩክ የተባሉ እንግሊዛዊት ሴት ወደ ካይሮ በሄዱ ጊዜ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉ የአገራቸው ፈረሰኛ ጦር ፈረሶች ከጦርነቱ በኋላ ተሸጠው፣ አርጅተውና ከስተው ድንጋይና ጭነት ሲጎትቱ አይተው እ.ኤ.አ. በ1934 በዚያ ያቋቋሙት ሆስፒታል፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ድርጅት ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ከባለጋሪዎችና ከአህያ ባለቤቶች ጋር ሠርቷል። በዓለም ላይ ብዙ አህያ ያላት አገር ኢትዮጵያ ስለሆነች፣ ሥራው የሚያልቅ አይደለም።

አሁን ወደ ውሻው እንመለስ፤ የእርሱ ታሪክ ሌላ ነው፤ ውሻ በአገራችን ገበያ አይወጣም ነበርና አፉን ለዋጋ የሚከፍተው ሰው አልነበረም። በሐበሻ ቤት ውሻ ደጅ ጠባቂ እንጂ ቤተኛ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይባረራል፤ ስሙ ለስድብ ይጠራል። መጻሕፍት ግን ለእርሱ ከእኛ ይልቅ ይራራሉ፤ በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል የአልዓዛርን ቁስል የሚልሱት ውሾች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከመጻሕፍት ቍጥር አስገብታ በምታነበው በመጽሐፈ ጦቢትም ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር በተጓዘ ጊዜ ውሻው ተከትሎት ሄዷል። ሕዝቡ ከውሻ አፍ የራቀበት ምክንያት ግን ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም በከንቱ አልመጣም። በአዲስ አበባ ውሾች ላይ በነሐሴ 1895 ዓ.ም. ብርቱ የእብድ ውሻ በሽታ እንደ ተነሣ ተጽፎ ይገኛል። በሽታው የሚተላለፈው በምራቅ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም መዳኛ የለውም። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ክትባቱን እ.ኤ.አ. በ1885 በአንድ ልጅ ላይ ሞክሮ ሲያድነው፣ በእኛ አገር ደግሞ በስሙ የተጠራው የአዲስ አበባው ፓስተር ኢንስቲትዩት፣ ከእርሱም በኋላ የተተካው ተቋም፣ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውን ክትባት ለብዙ ዘመን ሲያድል ኖሯል። እንግዲህ በሐዋሳም ሆነ በሌላ ስፍራ የውሻ ጥርስ እንክብካቤ ታሪክ የሚጀምረው ከብሩሽ ሳይሆን ከመርፌ ነው፤ ያልተከተበ ውሻ አፍ ውስጥ ጣቱን የሚሰድ ሰው ደፋር ሳይሆን ያልሰማ ነው። የተነከሰም እንደሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለሩብ ሰዓት አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።

በመኳንንት ቤት ግን ውሻ ከቤት የገባበት ጊዜ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ በመላው ዓለም የታወቀች ትንሽ ቺዋዋ ነበረች፤ ግርማዊነታቸው በሚሄዱበት ሁሉ ከእግራቸው አትለይም ነበር ይባላል። ስለ ሉሉ ጥርስ የማውቀው የለም፤ ስለ ዘሯ ግን እንዲህ ይባላል፤ ውሻ ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ 42 ጥርስ አለው፤ በቺዋዋ መንጋጋ ላይ ያን ያህል ጥርስ ሲደረደር እየተገፋፋና እየተደራረበ ስለሚበቅል፣ ምግብ በየመካከሉ ይሰገሰጋል፤ የድድ በሽታም ከትላልቆቹ ይልቅ ትንንሾቹን አስቀድሞ ያጠቃል። ዛሬ በሐዋሳ በየሰፈሩ ባለ ፎቅ ቤት ሲሠራና የፈረንጅ ውሻ ማሳደግ ሲለመድ፣ በአጥር ስር ከሚጮኸው ያገር ውሻ ይልቅ ሶፋ ላይ የሚተኛው ትንሹ ውሻ የጥርስ ሕሙም መሆኑ የሚገርም አይደለም።

ያገሩን ውሻ ጥርስ የሚወስነው የባለቤቱ ማዕድ ነው፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ የሚታመመውም በበላበት ነው። ምእመኑ የዓመቱን እኩሌታ ያህል በሚጾምበት ቤት ውሻውም ሳይወድ ይጾማል፤ የሚሰጠው በሽሮ የራሰ እንጀራ ፍርፋሪ ሲሆን፣ ይህም ለስላሳና የሚጣበቅ ስለሆነ ጥርሱ ላይ ይቀመጣል። በሐዋሳ የወንጌላውያን አማኞች ብዙ ስለሆኑ ይህ የሁሉ ውሻ ጾም አይደለም፤ የኦርቶዶክሱ ውሻ የሚያገግመው በፋሲካ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ የበግ አጥንት በአንድ ጊዜ ይወርድለታል፤ የተቀቀለውም አጥንት እየተሰነጠረ ድዱን ይወጋዋል፤ ጠንካራው ደግሞ የላይኛውን ትልቁን የመቍረጫ ጥርስ ይሰነጥቀዋል። አሞራ ገደል በተባለው ስፍራ ባለው የዓሣ ገበያ የሚዞሩት ውሾች ከዚህ ጾም ውጭ ናቸው፤ ቆሮሶና አምባዛ በሚበለትበት ሰሌዳ ስር ከአባ ኮዳው ጋር እየተሻሙ ጭንቅላትና አከርካሪ ይበላሉ፤ አንዳንዱም አንድ ቀጭን አጥንት በጥርሱና በድዱ መካከል ተሰንቅሮበት፣ አፉን በፊት እግሩ እየፋቀና ለሀጩን እያዝረበረበ ሲንከራተት ይታያል። ሰው ግን አብዷል ብሎ ይሸሸዋል፤ ይህም አንዳንዴ እውነት ስለሚሆን መሸሹን ስሕተት ልለው አልችልም።

የጥርስ ብሩሽ የሚባለውም ነገር ከእንስሳ ጋር የተሳሰረ የራሱ ታሪክ አለው። የእኛ ሰው ጥርሱን በወይራና በክትክታ መፋቂያ ሲያጸዳ በኖረበት ዘመን፣ ቻይናውያን የአሳማ ጠጕር በአጥንት እጀታ ላይ ተክለው ብሩሽ ሠርተው ነበር፤ አውሮፓውያንም በበኩላቸው የአሳማው ሲሻክርባቸው የፈረስ ጠጕር ተጠቀሙ፤ የናይለን ብሩሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። የሰውን ጥርስ ለማጽዳት ፈረሱ ጠጕሩን ለብዙ ዘመን ገበረ፤ የእርሱን ጥርስ ለማከም የሰው እጅ እስኪዘረጋ ድረስ ግን ብዙ ዘመናት ማለፍ ነበረባቸው።

በቤት ውስጥ የውሻውን አፍ ሊንከባከብ የሚወድ ሰው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ከተቦረሸ ጥርስ ላይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የተዋሕስያን ቀጭን ሽፋን ይሠራል፤ ይህ ሽፋን ከምራቅ ጋር ተዋሕዶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ድንጋይ ይለወጣል፤ ድንጋይ ከሆነ በኋላ በቤት ውስጥ የሚለቅ አይደለምና ሐኪም ውሻውን አደንዝዞ ይፍቀው። ስለዚህ ሥራው የየዕለት ነው። የሰው የጥርስ ሳሙና ለውሻ አይሆንም፤ ውሻ አይተፋምና ፍሎራይዱን ይውጠዋል፤ በአንዳንዱ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረው ክሲሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ደግሞ ለውሻ ገዳይ መርዝ ነው። ለውሻ ተብሎ የተሠራው ሳሙና ካልተገኘ ለስላሳ የሕፃን ብሩሽ ወይም በጣት ላይ የተጠቀለለ የተነከረ ጎዝ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይበቃል። የወይራ መፋቂያም ለሰው እንጂ ለውሻ አይደለም፤ ስንጥሩ ድዱን ይወጋዋልና። ውሻው እራቱን በልቶ ከረጋ በኋላ፣ የሚወደውን ጥቂት ምግብ በእጅ ይዞ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከንፈሩን ብቻ ከፍ አድርጎ መልቀቅ፣ ቀጥሎ ውጭኛውን ጥርስ በጣት መዳሰስ፣ ከዚያም በጎዝ ማሸት ይበቃል፤ የውስጡ ገጽ በምላሱ ይታሻልና አያስቸግርም፤ ከሁሉ በላይ ሊታይ የሚገባው ቦታ በጉንጩ በኩል ያለው የላይኛው ትልቁ ጥርስ ነው፤ ድንጋዩ እዚያ ይጀምራልና። ጤነኛ ድድ ጽጌረዳ መልክ ያለው ነው፤ አንዳንዱ ውሻ ግን ድዱ ከመጀመሪያውኑ ጥቁር ስለሆነ ቀለሙ ብቻ ሐሰት ይናገራል፤ ስለዚህ ሲነኩት የሚደማ መሆኑንና ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት መስመር ማበጡን ማየት ይሻላል። የሚከረፋ ትንፋሽ የውሻ ጠባይ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ባለቤቱን ሊያሳስተው ይችላል። ጥርሱ የተሰበረበት ወይም ድዱ የመገለ ውሻ ምግብ አይተውም፤ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያዛውረዋል፣ ሳያኝክም ይውጠዋል፤ ሣሕኑ ባዶ ሆኖ ያገኘው ሰው ግን ደኅና ነው ብሎ ይገባል። የባለጋሪው ፈረስ ሣሩን ሲጥል ቢያንስ በመሬት ላይ ምልክት ይተው ነበር።